የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጠረጴዛን ከአስመሳዩ እንዴት መለየት ይቻላል?

ሻጩ «የቺፔንዴል ነው» ካላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፦ እሱ ራሱ የሠራው ነው ወይስ በእሱ ስልት የተሠራ?

የቤት ዕቃ ሠሪው ቶማስ ቺፔንዴል እ.ኤ.አ. በ1718 ዮርክሸር ውስጥ ኦትሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለንደን፣ ሴንት ማርቲንስ ሌን ላይ ወርክሾፕ ነበረው። በ1754 ንድፎቹን በመጽሐፍ አሳተመና ያየው አናጢ ሁሉ እያየ ሠራ። ስሙ የስልት ስም ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ ዕቃው ላይ ስሙን የማስፈር ልማድ አልነበረውም። የእጁ ሥራ መሆናቸው በደንብ የተረጋገጠው እንደ ሄርውድና ኖስቴል ባሉ የባላባት ቤቶች የሂሳብ ሰነዳቸው የተረፈላቸው ናቸው። ስለዚህ ስሙን ተዉትና ዕድሜውን መርምሩ።

ባለ ሦስት እግር ክብ የማሆጋኒ ሻይ ጠረጴዛ ነው እንበል።

መጀመሪያ ሜትር አውጡ። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይሸበሸባል፤ በርዝመቱ ግን ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። የላዩን ጣውላ የእንጨቱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ ለኩ፤ ከዚያ መስመሩን አቋርጣችሁ ለኩ። ከ200 ዓመት በላይ የቆየ ጠረጴዛ ጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ያሳያል። ፍጹም ክብ ከሆነ ጠርጥሩ። እኔ ከሁሉም የምወደው ምርመራ ይሄ ነው፤ ሻጩ ምን እንደምትሠሩ እንኳ አይገባውም።

ቀጥሎ ገልብጡት። ሆዱ ደረቅ፣ ቀለሙም ወጥ ያልሆነ መሆን አለበት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ከተቀባ አንድ ነገር ተደብቋል። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ይኖሩታል። ጭረቱ እንደ ቀስት ከጎበጠ የክብ መጋዝ ሥራ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደናል።

ባለቤቱ ከፈቀደ አንድ ብሎን ፍቱ። የድሮው በእጅ ስለሚሠራ ጫፉ ዱልዱም ነው፤ አናቱ ላይ ያለው የመፍቻ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ መሐል ላይ አይውልም። ሹል ጫፍ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ግን ብሎን ይለወጣል፤ በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

አሁን ከባዱ። የአንዱን ጠረጴዛ የላይ ጣውላ ከሌላው እግር ጋር ማጋጠም የቆየ ዘዴ ነው። የዘርፉ ሰዎች «ጋብቻ» ይሉታል። እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ጣውላው ላይ የቆየ ምልክት ሊተው ይገባል። ምልክቱ ከእግሩ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ተደፍነው የቀሩ ትርፍ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ጋብቻ መሆኑን ጠርጥሩ።

ጠርዙ በቅርጽ ያጌጠ ከሆነ ደግሞ ውፍረቱን እዩ። የጥንቱ አናጢ ከወፍራም ጣውላ ጀምሮ መሐሉን እየፈለፈለ ጠርዙን ከፍ አድርጎ ይተወው ነበር። አጭበርባሪው ግን የሚፈለፍለው ተራውን አሮጌ ጣውላ ነው። ጣውላው ይሳሳል፤ አንዳንዴም የብሎኑ ቀዳዳ ከታች ዘልቆ ላይ ብቅ ይላል።

ከገዛችሁ በኋላ በማለስለሻ ወረቀት አትፈትጉት። ደረቅ ጨርቅና ጥቂት ሰም ይበቃዋል።