ቀላል የስፖርት መኪና ለጎንደር መንገድ ማዘጋጀት

ካተርሃም ሰቨን የተባለውን የእንግሊዝ ቀላል የስፖርት መኪና የመሰሉ በአነስተኛ ፋብሪካ የሚሠሩ መኪኖች ብዙዎቹ 600 ኪሎ አይሞሉም፤ ለመሪና ለፍሬን ወዲያው ይታዘዛሉ። በምትኩ ኤርባግ የላቸውም፣ ሆዳቸውም ለመሬት ቅርብ ነው።

ኮብልስቶን ላይ መጀመሪያ የሚመታው የሞተሩ የዘይት ቋት ነው። ሾፌሩ ተቀምጦ፣ ታንኩ ሞልቶ ከመሬት ያለውን ርቀት ለኩ፤ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይሁን። ሞላውን ከፍ ካደረጋችሁ የጎማውን አላይመንት እንደገና አሠሩ፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል። ጎሚስታው እንደለመደው የጎማውን አየር 32 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አይሙላው፤ እንዲህ ለቀለለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ 20 አካባቢ ይበቃል፣ ሲበዛ ይነጥራል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ አየሩም ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ካለው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ ዋናውን ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቁራጭ) በአንድ ቁጥር አሳንሱ።