የባትሪ ንባቤን ያበላሸው ሬዚስተር

ሁለት ቀን ያንከራተተኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። በሊቲየም ባትሪ የሚሠራ፣ አትሜጋ328ፒ የተባለ ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ያለው ትንሽ የሙቀት መለኪያ ነው። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ ቺፑ እንዲያነበው የባትሪውን ቮልቴጅ በግማሽ የሚቀንሰውን የቮልቴጅ ማካፈያ በሁለት ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ሠራሁት፤ በ4.2 ቮልት 2.1 ማይክሮአምፒር ብቻ ነው የሚበላው። ንባቡ ግን ይዋዥቃል፣ ቺፑ የሚያነበውን ግቤት (ቻናል) ስቀይርማ ጭራሽ ይበላሻል። ኮዱን ስወቅስ ከረምኩ፣ ለካ ኮዱ ምንም አላጠፋም! የቺፑ አምራች የምንጩ ኢምፔዳንስ (ቮልቴጁን ለቺፑ የሚሰጠው ክፍል ተቃውሞ) ከ10 ኪሎኦም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የእኔ ግን፣ ሁለቱ ሬዚስተሮች በትይዩ ስለሚታሰቡ፣ 500 ኪሎኦም ስለሆነ ቺፑ ውስጥ ያለችው፣ የሚለካውን ቮልቴጅ የምትይዘው የ14 ፒኮፋራድ ናሙና ካፓሲተር በተሰጣት ጊዜ አትሞላም። ሬዚስተሮቹን ወደ 10 ኪሎኦም ባወርዳቸው 210 ማይክሮአምፒር ሊበሉብኝ ነው፣ ኧረ ይቅርብኝ። ቮልቴጁን ከሚያነበው የቺፑ እግር (ፒን) ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በየድኩ፤ ትንሿን ካፓሲተር ቶሎ የሚሞላት እሱ ሆነ፣ አለቀ። እሱ ራሱ ለመሙላት ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፣ በደቂቃ አንዴ ስለማነብ ግን ግድ አይሰጠኝም።