ቤቱ ሳይሸጥ ኮተቱ ይውጣ

ዘመድ ወይም ጓደኛ ቤት ሲቀይር መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። ካርቶን ማሸግ እንደምወድ ሁሉም ያውቃል። ችግሩ የሚደውሉልኝ ዘግይተው ነው። ቤቱ ተሸጧል፣ ውሉ ተፈርሟል፣ መኪናው ለቅዳሜ ታዟል። ያኔ መምረጥ ብሎ ነገር የለም። እጅ የገባው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ይወረወራል። የማይረባውም ከሚረባው እኩል ይጫናል፣ እኩል ይወርዳል፣ አዲሱም ቤት ገና ሳይገባበት ይጣበባል።

ቤት ለመሸጥ ላሰበ ሰው የምለው አንድ ነው። ቤቱን ለገዢ ማሳመርና ጓዝ መጠቅለልን ሁለት ስራ አታድርጉት። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ከዓይን መራቅ ያለበት እቃ፣ ያው ቀድሞ መታሸግ ያለበት እቃ ነው። ወቅቱ ያለፈ ልብስ፣ ተነበው ያለቁ መጻሕፍት፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ሰሃኖች፣ ትርፍ ብርድ ልብስ። እነዚህ ቀድመው ከታሸጉ ክፍሉ ሰፋ ብሎ ይታያል፤ የመጨረሻው ሳምንትም አያንገላታም።

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ቁም ሳጥን ይከፍታል። አትቀየሙት፣ እናንተም ትከፍታላችሁ። ሲከፍተው ልብስ ከተናደበት «ይሄ ቤት እቃ ማስቀመጫ የለውም» ብሎ ነው የሚወጣው። ያው ቁም ሳጥን ሲሶው ባዶ ቢሆን ሰፊ ነው ይባላል። የወጥ ቤት መደርደሪያም እንደዚያው ነው። የታሸጉትን ካርቶኖች ደግሞ አንድ ጥግ ላይ በስርዓት ደርድሯቸው። የሚሄድ ሰው ካርቶን ቢታይበት የሚገርመው የለም።

ከሳሎን አትጀምሩ። ከስቶር ጀምሩ፤ ከአልጋ ስር፣ ከቁም ሳጥን አናት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ። እዚያ ያለው እቃ ስሜት አይነካም፣ ውሳኔውም ይፈጥናል። ፎቶና ደብዳቤ ለመጨረሻ ይቆይ። አልበም የተገለጠ ዕለት ስራው እዚያው አበቃ ማለት ነው። ሁሉም ተሰብስቦ «ይሄ ማነው?» ሲል ይመሻል።

እቃውን በአራት ክፈሉት፤ የሚሄድ፣ የሚሸጥ፣ የሚሰጥና የሚጣል። የሚሰጠው በዚያው ሳምንት ከቤት ይውጣ። በር ስር የተቀመጠ ፌስታል እግር አውጥቶ ተመልሶ ይገባል፤ ስንቴ አይቻለሁ። «ለእከሌ ይሆነዋል» የተባለውን እቃ ደግሞ መጀመሪያ እከሌን ጠይቁት። እሱም ኮተት ለማውጣት እየታገለ ይሆናል።

«ይጠቅማል ወይ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ የማያልፍ እቃ የለም፤ እጀታው የተሰበረ ድስት እንኳ ይጠቅማል። እኔ ሰዎችን የምጠይቃቸው «ይሄን ተሸክመሽ ደረጃ ትወጫለሽ?» ብዬ ነው። መልሱ ወዲያው ፊታቸው ላይ ይነበባል። ያመነቱበትን በአንድ ካርቶን አሽጉና ቀኑን ጻፉበት። ቤቱ እስኪሸጥ ማንም ካልከፈተው ሳትከፍቱት ስጡት። መክፈት ክልክል ነው፤ ከተከፈተ ሁሉም ነገር እንደገና ይወደዳል።

የሰው እቃ ሳትጠይቁ አትጣሉ። የእህቴ ባል የቴሌቪዥኑን ካርቶን ከነነጭ ፎሙ ስንት ዓመት ስቶር ውስጥ አስቀምጦ ሲሾፍበት ኖሯል። ቤት የቀየሩ ጊዜ ያለ አንዳች ጭንቀት የተጓዘው የእሱ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ያወራዋል።

አሁን ወደዚያች መሳቢያ እንምጣ። የትኛዋ እንደሆነች ታውቃላችሁ። የሞተ ስልክ ቻርጀር፣ ባለቤት የሌለው ቁልፍ፣ ባትሪው ፈሶ የዛገ ሪሞት፣ ከምን እንደወለቁ የማይታወቁ ብሎኖች፣ ድሮ የተሸጠ ማሽን ዋስትና ወረቀት። በእጅ እየፈተሻችሁ አትልፏት። አሮጌ አንሶላ አንጥፉና ሙሉዋን ገልብጡ። ገመዱን ሁሉ ቤት ውስጥ ባለው እቃ ላይ ሞክሩት፤ የሚገባበት ከሌለ ከቤት ይውጣ። ቁልፎቹን በየበሩ እየዞራችሁ ሞክሩ። የሰራውን የየትኛው በር እንደሆነ ጽፋችሁ እሰሩበት፤ ለገዢው የሚሰጥ ነውና። በማንኛውም በር ያልሰራ ቁልፍ ከዚህ በኋላ አይሰራም። ከሪሞትና ከአሻንጉሊት ባትሪ አውጡ፤ እቃው ካርቶን ውስጥ ተጨቁኖ ሲበራ ባትሪው ያልቃል፣ ወይም ይፈስና እቃውን ያበላሻል። አሮጌ ስልክ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ፎቶውን ገልብጡ፣ ከአካውንቶቻችሁ ውጡ፣ ሲምና ሜሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ በስልኩ ቅንብር ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፉና ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጉት። ያበጠ ባትሪ ካለ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚረከብ ስጡት፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

ገዢ ሲመጣ ስለሚታየው ብዙ አልልም። የተቃጠለ አምፖል ቀይሩ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አሰሩ፣ የሚጮህ በር ዘይት አስነኩ። ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ ገዢው ግን «ይሄን ያላሰራ ሌላውንስ?» ይላል። የቤታችሁን ሽታ እናንተ ለምዳችሁታልና አፍንጫው የማይዋሽ ወዳጅ ጥሩ። የቤተሰብ ፎቶ ከግድግዳ አውርዱ፤ ሰው ግድግዳውን ትቶ ልጆቹን ነው የሚያየው። ወርቅ፣ መድኃኒትና ሰነድ ግን የሚቆለፍበት ቦታ ይግቡ። ቤቱ ውስጥ የማታውቁት ሰው እየገባ ነው። ከእቃው ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚሄድ ደግሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። መጋረጃ ዘንግ፣ መብራት፣ የግድግዳ መስታወት፣ የውሃ ጋን። በቃል የተባለ ነገር በርክክብ ቀን ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

ወደምወደው ልምጣ፤ ካርቶን። ከሱቅ የተለመነ ካርቶን ይሆናል፤ ግን እርጥብ አለመሆኑን እዩ፣ እጥፋቱንም ግለጡት። ቡናማ፣ የባቄላ ፍሬ የምትመስል ትንሽ ነገር ከተለጠፈች የበረሮ እንቁላል ናት፤ ካርቶኑን አትቀበሉ። የስሩን ክዳን እርስ በርስ እያጣጠፋችሁ አትዝጉት፤ መሃል ደረጃ ላይ ይከዳችኋል። ክዳኖቹን አገጣጥሙና ግጥሚያውን በሰፊ ፕላስተር ሁለት ጊዜ አሽጉ፤ ጎንና ጎኑንም ጨምሩበት።

ከባድ እቃ ትንሽ ካርቶን፣ ቀላል እቃ ትልቅ ካርቶን። ሰው ሁልጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል። መጻሕፍቱን ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሞልቶ የሚያነሳው ሲያጣ ካርቶን ቆሞ ያያል። አንድ ካርቶን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይበቃዋል። ትራስና ብርድ ልብስ ትልቁን ይሙሉት። ተንጠልጥሎ ያለ ልብስ መታጠፍ አያስፈልገውም። የቆሻሻ ላስቲክ ስሩን ቅደዱና ከነመስቀያው ከላይ አልብሱት፤ ታችውን ቋጥሩ።

ሰሃን ተኝቶ አይጓዝም። ተደራርቦ ከተኛ የላዩ ክብደት ሁሉ የታችኛው ላይ ያርፋል፤ መኪናው አንድ ጉድጓድ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ትንሽ ግን ጠንካራ ካርቶን ውሰዱ። ስሩ ላይ የተጨማደደ ወረቀት ወይም ፎጣ ወፍራም አድርጋችሁ አንጥፉ። ሰሃኑን አንድ በአንድ ጠቅልሉና መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ በጠርዙ አቁሙት። ሲሞላ ጎንና ጎኑ ላይ የቀረውን ክፍተት በካልሲና በፎጣ ድፈኑ። ከዚያ ክዳኑን ሳታሽጉ ካርቶኑን ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ድምፅ ከሰማችሁ ገና ነው፤ ጨምሩበት። ብርጭቆ ውስጡም ወረቀት ይግባበት፣ አፉን ደፍታችሁ አስቀምጡት። ጋዜጣ ስትጠቀሙ ቀለሙ ሊለቅ ይችላልና ነጩን ሰሃን መጀመሪያ በንጹህ ወረቀት ጠቅልሉ። እዚህ ላይ የቸኮለ፣ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በትክክል ይደርስበታል።

በካርቶን ላይ ስትጽፉ ጎኑ ላይ ጻፉ፤ አናቱማ ሲደረደር አይታይም። አሁን ካለበት ክፍል ይልቅ የሚገባበትን ክፍል ጻፉ። ቁጥርም ስጡት፤ ውስጡ ያለውን በደብተር መዝግቡ። «የተለያዩ እቃዎች» ብላችሁ ከጻፋችሁ አልጻፋችሁም። ውድ እቃ ያለበት ላይ ደግሞ ውድ ብላችሁ አትጻፉ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።

አልጋና ጠረጴዛ ስትፈቱ ብሎኑን ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ የማን እንደሆነ ጻፉበት። የብሎኖቹ ላስቲክ ሁሉ በአንድ ሳጥን ይሁን፤ ካቻቢቴውም እዚያው። ከመፍታታችሁ በፊት መገጣጠሚያውን በስልክ ፎቶ አንሱ። የቴሌቪዥኑን የጀርባ ገመዶችም እንዲሁ። ትልቁን ሶፋና ቁም ሳጥን ግን ከመጫናችሁ በፊት የአዲሱን ቤት በርና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። የማያልፍ ከሆነ እዚሁ ሽጡት።

ፍሪጅ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ይነቀል፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡ ይድረቅ። በቁሙ ይጓዝ። ግድ ሆኖ ከተኛ፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈሳልና ሲደርስ ወዲያው አትሰኩት፤ ቢያንስ ተኝቶ የቆየበትን ያህል በቁሙ ይረፍ። ረጅም ጉዞ ከሆነ 24 ሰዓት ስጡት። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ከኋላው የወጡ ረጃጅም ብሎኖች ነበሩት። ብሎኖቹ አሁንም ካሏችሁ መልሳችሁ እሰሯቸው፤ አለበለዚያ ውስጡ ያለው በርሜል እየተወዛወዘ ማሽኑን ይጎዳል። በቱቦው የቀረውን ውሃም አፍስሱ። ቴሌቪዥንና መስታወት ቆመው ይሂዱ። መስታወት ላይ ፕላስተር በመስቀለኛ መለጠፍ ከመሰበር አያድንም፤ ቢሰበር ግን ስብርባሪው እንዳይበተን ይይዘዋል። ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ቀለምና በረኪና ከሌላ እቃ ጋር አይታሸጉ።

መኪናው ላይ የማይጫን አንድ ቦርሳ ይኑራችሁ። መታወቂያ፣ የቤቱ ሰነዶች፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ፣ ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት። ከእጃችሁ አይውጣ፤ «እኔ ልያዝልሽ» ለሚል ደግ ሰውም ቢሆን። ሌላ አንድ ካርቶን ደግሞ ለመጀመሪያዋ ማታ፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የመጸዳጃ ወረቀት፣ ቻርጀር፣ አምፖል፣ መቀስ፣ ውሃ ማፍያ፣ ጥቂት ኩባያ። መቀሱን አትርሱ። ሁሉ ታሽጎ መክፈቻው ካርቶን ውስጥ ሲገኝ አይቼ ስቄያለሁ፤ እነሱ አልሳቁም።

ሲጫን ከባዱ ቀድሞ ይገባል፤ ፍሪጅና ማሽን ወደ ሹፌሩ በኩል፣ በገመድ ታስረው። ፍራሹ ላስቲክ ለብሶ በጎኑ ይቁም፤ ስፕሪንግ ከሆነ አይታጠፍ። የመጀመሪያዋ ማታ ካርቶንና የብሎኑ ሳጥን መጨረሻ ይጫኑ፤ ስትደርሱ ቀድመው የሚወርዱት እነሱ ናቸው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ባዶውን ቤት ይዙር። በር ጀርባ ያለውን መስቀያ፣ የምድጃውን ውስጥ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ ሶኬት ላይ የቀረ ቻርጀር ይይ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንስቶ ይውጣ። አዲሱ ቤት ስትደርሱ ከሌላው ሁሉ በፊት አልጋውን ግጠሙ፤ ከመሸ በኋላ ብሎን የሚፈልግ ጉልበት አይኖራችሁም።