ወርቃማው ዱቄት ለምን ተዥጎረጎረብኝ

ለልደት ኬክ ፎንዳንቱ (ኬኩን የሚሸፍነው የስኳር ሊጥ) ላይ ወርቃማ አብረቅራቂ ዱቄት እየቀባሁ ነበር። በውሃ በጥብጬ በብሩሽ ሳስኬደው አንዱ ጋ ተጠራቀመ፣ ሌላው ጋ ነጩ አፍጥጦ ቀረ። ስደግመው ባሰበት፤ ጭራሽ ፎንዳንቱ ጣቴ ላይ መጣበቅ ጀመረ።

ጥፋቱ የውሃው ነው። ፎንዳንት ስኳር ነውና ውሃ ያሟሟዋል፤ ዱቄቱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። የተበላሸውን ቮድካ በነካ ሶፍት ቀስ ብዬ ጠረግኩ። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ላይ ቮድካ በጠብታ እየጨመርኩ እንደ ጥፍር ቀለም እስኪሆን አማሰልኩት። አልኮሉ ቶሎ ስለሚተን ስኳሩን የማሟሟት ጊዜ የለውም። ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ደገምኩ፤ እንደ አዲስ ቀለበት አበራ። መሃል ላይ ሲወፍርብኝ አንድ ጠብታ ጣል አደርግበታለሁ።

አልኮል ለማይፈልግ ደንበኛ በደረቁ ነው፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትንሽ ዱቄት፣ ትርፉን ሶፍት ላይ አራግፎ በክብ በክብ ማሸት። ድምቀቱ ይቀንሳል፣ ግን አይዥጎረጎርም።

ብልቃጡ ላይ «መርዛማ ያልሆነ» ብቻ ካለ አልገዛም፤ ያ ለጌጥ እንጂ ለመብላት አይደለም። «የሚበላ» የሚል ጽሑፍና የግብዓት ዝርዝር ይኑረው።