ለኮሌጁ የተሰጠው የመልክዓ ምድር ህትመት፦ ከመስቀላችሁ በፊት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ኮሌጅ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በስጦታ የመጣ የተራራ ስዕል ከካርቶን ይወጣል፣ አንዱ ሚስማር ይፈልጋል፣ ሌላው «ዲኑ ቢሮ ነው የሚያምረው» ይላል። ቆይ፣ ሚስማሩ ይቆይ።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ከምስሉ ሥር ያለውን ነጭ ጠርዝ እዩ። በእርሳስ 12/50 የሚል ዓይነት ቁጥር ካለ፣ ሰዓሊው 50 ቅጂ አትሞ ይሄኛው 12ኛው ነው ማለት ነው። ፊርማው ብዙ ጊዜ በስተቀኝ ነው። ስለዚህ «ኮፒ ነው» ብሎ ማጣጣል የለም፤ ሃምሳውም ኦሪጅናል ናቸው። በማጉያ ስታዩት ግን ተራራው በሥርዓት በተደረደሩ ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሞላ ከሆነ፣ የማተሚያ ቤት ፖስተር ሳይሆን አይቀርም። በምስሉ ዙሪያ ወረቀቱ ገባ ያለ የሰሌዳ ምልክት ካለው ደግሞ ከመዳብ ወይም ከዚንክ ሰሌዳ የታተመ ሊሆን ይችላል።

ቢሮ ውስጥ የሚያጨቃጭቅ ነገር ደግሞ አለ። የጦሳ ተራራ በግራ መሆን ሲገባው በቀኝ ቢመጣ «ሰውዬው ደሴን አያውቃትም» አትበሉ። እንጨት ወይም ብረት ላይ የተቀረጸ ምስል ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ሰዓሊው ያየውን እንዳለ ከቀረጸው ከተማዋም ተገልብጣ ትወጣለች።

አሁን ንብረት ክፍል። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ሲቆረጥ «ስዕል፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ። የሰዓሊው ስም፣ ርዕሱ፣ የቅጂ ቁጥሩ፣ የምስሉም የወረቀቱም ልክ በሴንቲሜትር፣ ያለበት ጉዳት፣ የሰጪው ስም ይጻፍ። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሱ። የስጦታ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ይግባ። የንብረት ቁጥሩን ግን እባካችሁ ወረቀቱ ላይ በማርከር አትጻፉ፤ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ መጻፍ የለመደ እጅ ስዕልም አይምርም። ፍሬሙ ጀርባ ላይ ይለጠፍ።

ፍሬም ሠሪው ነጩን ጠርዝ «ልቁረጠው፣ ያምራል» ካላችሁ እምቢ በሉ፤ ቁጥሩም ፊርማውም ያለው እዚያ ነው። ምስሉ መስታወቱን እንዳይነካ መሃል ላይ አሲድ የሌለው ወፍራም ካርቶን ይግባ፣ አለዚያ ክረምት ላይ እርጥበቱ ቀለሙን ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል። ፕላስተር አይነካካው፣ በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፤ ከስንዴ ስታርች የተሠራ ሙጫና ስስ ወረቀት ይሻላል። ኮምፔንሳቶም ጀርባውን በቀጥታ እንዳይነካው፣ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ይበላዋል።

ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቢሮ ድረስ ይዘልቃል። ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። የውስጥ ግድግዳ ምረጡና በፍሬሙ ታችኛ ጥጎች ከጀርባ የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር ያገኛል። እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ አይቀርም። ከመስኮት ፊት ለፊትም አይሁን። ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራ ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ የሚይዙት ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም ስለማይመለስ ነው። ጥቂት ወራት ከተሰቀለ በኋላ አውርዱትና ጨለማ መሳቢያ ውስጥ በጠፍጣፋው አስቀምጡት። መጠቅለል የለም፣ በፖስተር ቱቦም ቢሆን።