ከለገጣፎ እስከ ኪዮቶ፦ ለአጭር የጃፓን በዓል ጉብኝት በቡድን እንዴት እንዘጋጅ

በለገጣፎ አንድ ሰፈር የሚኖሩ አሥራ ሁለት ሰዎች በዕቁብ ባጠራቀሙት ገንዘብ፣ አስጎብኚ ያለው የሳምንት ያህል የጃፓን ጉብኝት ለማድረግ ቢነሡ፣ የጉዞ ወኪሉ መጀመሪያ የሚያሳያቸው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ቶኪዮ፣ የፉጂ ተራራ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ በመካከሉም ለባህልና ለበዓል የተመደበ ግማሽ ቀን። በዓል ለማየት የሚሄድ ቡድን ይህን ወረቀት እንዳለ መቀበል የለበትም። አጭር ጉብኝት የሚሠምረው አንድ በዓል ተመርጦ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ሌላው ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ሲደራጅ ነው። ጥምቀትን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጥር 11 ቀን ረፋድ ላይ ደርሶ ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ እንግዳ ከተራን ስላላየ፣ ታቦቱ የት እንዳደረ እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

በዓሉን ከመምረጥ በፊት የእኛን ቀን መቁጠሪያ ከጃፓኑ ጎን ዘርግቶ ማየት ይገባል። ማትሱሪ የሚባሉት የጃፓን በዓላት ብዙዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተወሰነ ቀን ስላላቸው ይህ ሥራ ከባድ አይደለም። በሰሜን ጃፓን በአኦሞሪ ከተማ ከኦገስት 2 እስከ 7 የሚከበረው የኔቡታ በዓል፣ ከውስጥ በመብራት የሚያበሩ ግዙፍ የወረቀት ምስሎች በሌሊት የሚዞሩበት፣ ሃኔቶ የሚባሉትን ጨፋሪዎች ልብስ የተከራየ እንግዳም ሰልፉ ውስጥ ገብቶ የሚጨፍርበት ነው። የመጨረሻው ቀን ግን ነሐሴ 1 ስለሆነ የፍልሰታ ጾም ከሚገባበት ዕለት ጋር ይገጥማል። የኪዮቶው ጊዮን በአንጻሩ ጁላይን ሙሉ የሚከበር ሲሆን፣ ታላላቆቹ ሰልፎች ሐምሌ 10 እና ሐምሌ 17 ቀን ይውላሉ፤ የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 የሚፈታ በመሆኑ ለጾመኛ የሚከብዱት ረቡዕና ዓርብ ብቻ ናቸው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቡድን የምመርጠው ጊዮንን ነው።

ጊዮን መነሻው በ869 እ.ኤ.አ. አገሩን የመታ ወረርሽኝ እንዲርቅ የተደረገ ሥርዓት ነው። ከሐምሌ 7 እስከ 9 ባሉት የዋዜማ ምሽቶች ያማ እና ሆኮ የሚባሉት የሰልፍ ሠረገላዎች ፋኖስ በፋኖስ ሆነው በየሰፈራቸው ቆመው ይታያሉ፤ በሐምሌ 8 እና 9 ምሽትም መሐል ከተማው ለመኪና ይዘጋል። ሐምሌ 10 ቀን ጠዋት ሃያ ሦስቱ ሠረገላዎች ይሰለፋሉ፤ ናጊናታ ሆኮ የሚባለው ይቀድማል፤ በላዩ የተቀመጠውም ሕፃን በመንገዱ ላይ የተዘረጋውን ገመድ በሰይፍ ቆርጦ መንገዱን ይከፍታል። አብዛኛው አስጎብኚ ድርጅት በኦይኬ ጎዳና ላይ የሚሸጠውን መቀመጫ ገዝቶ ቡድኑን እዚያ ያስቀምጣል። መቀመጫው ለአዛውንቶች ጥሩ ነው። እግሩ የሚችል ሰው ግን ሺጆ እና ካዋራማቺ ጎዳናዎች በሚገናኙበት መታጠፊያ ቀደም ብሎ ደርሶ ቢቆም ይሻለዋል። ከአሥር ቶን በላይ የሚመዝኑት ታላላቅ ሠረገላዎች እንደ መኪና የሚዞር መሪ ስለሌላቸው በራሳቸው አይታጠፉም። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከእንጨት መንኮራኩራቸው ሥር ይነጠፋል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ ከዚያም ገመድ የያዙት ወንዶች ከፊት የቆሙት መሪዎች በማራገቢያ ምልክት ሲሰጧቸው በአንድ ድምፅ ወደ ጎን ይስባሉ። ሠረገላው እየተንቋቋ ትንሽ ይዞራል፣ ይቆማል፤ ቀርከሃው እንደገና ይነጠፋል። ላይ የተቀመጡት የደወልና የዋሽንት ተጫዋቾች በዚህ ሁሉ መካከል ዜማቸውን አያቋርጡም።

ብዙ ቡድን ቀትር ላይ ሰልፉ ሲያበቃ በዓሉ ያለቀ መስሎት ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ሠረገላዎቹ ግን መንገድ ጠራጊዎች ናቸው። ያን ዕለት ምሽት ከያሳካ መቅደስ ሚኮሺ የሚባሉ ሦስት የመቅደሱ አማልክት ማደሪያዎች በሰው ትከሻ ወጥተው፣ ሺጆ ጎዳና ላይ ወዳለው ማረፊያ ሄደው፣ እስከ ሐምሌ 17 ምሽት በዚያ ይቆያሉ። ከመንበር ወጥቶ፣ ውጭ አድሮ፣ በእልልታ መመለስን ለሚያውቅ ሰው ይህ ክፍል አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ የእምነቱ ነገር ፍጹም የተለየ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም። እንግዳ እንዲሰግድም ሆነ እንዲያጨበጭብ የሚያስገድደው የለም፤ ከመንገዱ ዳር በጸጥታ ቆሞ ማየት በቂ ነው።

ስለዚህ ከወኪሉ ጋር ውል ከመፈረም በፊት ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ማግኘት አለባቸው፤ ቡድኑ ኪዮቶ የሚገባው በየትኛው ቀን ነው፣ አስጎብኚው በዋዜማው ምሽትና በሰልፉ ዕለት ማታ አብሮ ይኖራል ወይ፣ ሆቴሉስ ከበዓሉ ስፍራ በእግር የሚደረስ ነው ወይ? እኛ በሄድን ጊዜ የመጀመሪያውን ባለመጠየቃችን ኪዮቶ የደረስነው ሐምሌ 10 ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ያየነው የሚፈታታ ሠረገላና የተጠቀለለ ገመድ ነበር፤ ወኪሉም “በበዓሉ ዕለት ኪዮቶ” ብሎ የጻፈው ቃል ስላልተሳሳተ የምንከሰው አልነበረም። አስጎብኚዎች በብዛት የሚናገሩት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው ወደ አማርኛ እንዲመልስ አስቀድሞ መመደብ፣ ለእርሱም ከፊት መቀመጫ መስጠት ጠቃሚ ነው።

የቪዛው ጉዳይ አጭር ነው፤ ኢትዮጵያዊ ቪዛ ያስፈልገዋል፣ የሥራ ማስረጃ፣ የባንክ መግለጫና የየቀኑ የጉዞ ዝርዝር ይጠየቃል፤ የአሥራ ሁለቱም ሰው የጉዞ ዝርዝር በቃልም በቀንም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ወደ ናሪታ ይበራል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ድረስ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። በዚህ ባቡር ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ቦታ አስቀድሞ ሊያዝለት ይገባል፤ ከዚያ የሚቀለው ግን ሻንጣውን በመላኪያ አገልግሎት ከሆቴል ወደ ሆቴል ልኮ የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዞ መሳፈር ነው።

ሐምሌ በለገጣፎ ጭቃና ጋቢ ነው፤ ሐምሌ በኪዮቶ ግን ሙቀቱ 35 ዲግሪ የሚደርስበት፣ አየሩም እንደ እንፋሎት ቤት የሚከብድበት ወር ነው። ስስ የጥጥ ልብስ፣ ባርኔጣና የውኃ ኮዳ ይያዝ፤ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ውስጥ እንዲያርፉ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። ለስንቅ ብሎ ቋንጣ ወይም ዶሮ ወጥ መያዝ አይቻልም፤ የሥጋ ነገር ወደ ጃፓን ያለ ምርመራ ማስረጃ ማስገባት ክልክል ነው። ጾመኛው ደግሞ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ሳይቀር ዳሺ በሚባል፣ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ እንደሚሠራ ይወቅ። መፍትሔው ሾጂን ሪዮሪ የሚባለውን የቡድሃ ገዳማት ምግብ መጠየቅ ነው፤ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ ስለሚወጣ ሥጋም ዓሣም የለበትም፤ ኪዮቶም በዚህ የታወቀች ናት። በዋዜማው በየሠረገላው ሥር የሚሸጠው፣ በቅጠል የተጠቀለለው ቺማኪ ግን አይበላም፤ ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ በበር ላይ የሚንጠለጠል ነው።

ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ያልተቀደደ ካልሲ መያዝ ብቻ ነው። የፍል ውኃ መታጠቢያው ግን ማሰብ ይፈልጋል፤ ወንድና ሴት ተለያይተው፣ ልብስ ሙሉ በሙሉ ወልቆ፣ ገላ አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ነው የሚገባው። ብዙ መታጠቢያዎችም ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። ይህ ደንብ የታሰበው ለወንበዴ ንቅሳት ቢሆንም፣ በግንባራቸው መስቀል ወይም በአንገታቸው ጌጥ የተነቀሱ እናቶቻችን በር ላይ እንዳያፍሩ፣ አስጎብኚው ለብቻ የሚከራይ ክፍል አስቀድሞ እንዲይዝ ይነገረው።

የቀረው ሰዓት ነው። ባለዘንግ የእጅ ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር የሞላ ሰው ጃፓን ሲደርስ አይንካው፤ ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ይለያል፣ ስለዚህ ያው ሰዓት የኪዮቶን ሰዓት በትክክል ያሳያል። አዲስ አበባ ከጠዋቱ ሦስት ሲሆን፣ በእነርሱ አነጋገር ኪዮቶ ከቀትር በኋላ ሦስት ነው። የሚያስቸግረው ማርፈድ ነው፤ ባቡሩ አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቡድኑ በሙሉ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አያት ባቡር ጣቢያ እንዲገናኝ ይቀጠር፤ ያረፈደውም ሰው በጉዞው ሁሉ የማያረፍድ ጓደኛ ይመደብለት።