«እግዚአብሔር ሲፈቅድ» እያልን የምናቆየው ሥራ

ሦስት ዓመት ሙሉ «የሰፈራችንን ልጆች ማንበብ ማስተማር ልቤ ውስጥ አለ፣ ጸልዩልኝ» እያልኩ ኖሬያለሁ። የሰማ ሁሉ አሜን ይላል። አንድም ልጅ ግን ፊደል አልቆጠረም። ያፈርኩት መጽሐፈ ነህምያን ቁጭ ብዬ ሳነብ ነው።

ሰውየው የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ገደማ ማለት ነው። ታዲያ ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው «እንግዲህ እሱ ያውቃል» ብሎ አላለፈም። መቼ እንደሚመለስ ቀን ቆረጠ፣ ለገዥዎቹ የሚሰጥ ደብዳቤ ለመነ፣ እንጨት እንዲሰጠው ለደን ጠባቂው እንዲጻፍለት ሳይቀር ጠየቀ። ሲጸልይ ሲያሰላም ከርሟል።

እናም ስትጸልዩ ደብተር አጠገባችሁ ይኑር። የሚያስፈልገውን ጻፉ፦ ቦታ፣ ብር፣ ሰው፣ ሰዓት። ከዚያ ለማንም ሳታወሩ ሄዳችሁ እዩት። ነህምያም ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በሌሊት ተነስቶ ፍርስራሹን የዞረው ለማንም ሳይናገር ነው። እኛ ግን ቀድመን ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፣ ሰው «በርቱ» ይለናል፣ የሠራን ይመስለንና እንተኛለን። እኔ ዞሬ ሳይ ያገኘሁት ሰባት ልጆችና አንድ የጎረቤት በረንዳ ነው። በቂ ነው።

መጨረሻውንም ወስኑ። ቅጥሩ ያለቀው በ52 ቀን ነው። «የዕድሜ ልክ ጥሪዬ ነው» ብሎ መጀመር ያስፈራል፤ እኔ ስምንት ቅዳሜ ብቻ ብዬ ጀመርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት፣ ወደ ይሉኝታ። የቅጥሩን ሥራ የሚቃወሙት እነ ሰንባላጥ ነህምያን ወደ ኦኖ ቆላ ና እንገናኝ ብለው አራት ጊዜ ላኩበት። አራቴም መልሱ አንድ ነው፤ ትልቅ ሥራ ላይ ነኝ፣ መውረድ አልችልም። እነሱ ክፉ አስበው ነው። እኛን የሚጠሩን ግን የሚወዱን ሰዎች ናቸው፣ ለዚያ ነው የሚከብደው። የአክስት ልጅ መልስ አለ፣ ጓደኛ ቡና እንጠጣ ይላል፣ የእድር ስብሰባ ይመጣል፣ እምቢ ማለት ደግሞ እኛ አገር እንደ ንቀት ይቆጠራል። መፍትሔው ሳይጠሯችሁ ቀድሞ መናገር ነው፦ «ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የለሁም፣ ከ5 በኋላ እመጣለሁ»። የሚቀየም ለአንድ ሳምንት ይቀየማል፣ ከዚያ ይለምደዋል። (ለቅሶ ሲሆን እሄዳለሁ፣ በዚህ አትከራከሩኝ።)

የሚጠይቃችሁ ሰውም ይኑር፣ የነፍስ አባታችሁም ሆነ የኅብረታችሁ ሰው። «እንዴት ነው?» ሳይሆን «ቅዳሜ ስንት ልጅ መጣ?» የሚል።

ደግሞ ትወድቃላችሁ። እኔ በአራተኛውና በአምስተኛው ቅዳሜ ቀረሁ። ያመመኝ ነገር የለም፣ ሰነፍኩ። አፍሬ ልተወው ትንሽ ነበር የቀረኝ። በስድስተኛው ቅዳሜ ሄጄ ሳይ ከሰባቱ ሦስቱ ደብተራቸውን ታቅፈው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ትንሿ «ጋሼ፣ ‹ቀ› ላይ ነው የቆምነው» አለችኝ።